ሀጂ ይመር የረገጡት ፍሬን

ሰው ሁሉ የሚደነቀው መኪና ሲነሳ ነው። ለዓመታት ቆሞ አቧራ ሲጠጣ የኖረ አሮጌ መኪና ሞተሩ ድንገት ሲጮህ ጎረቤት ይወጣል፣ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፣ አንዷ እልል ትላለች። ሲቆም ግን ማን ያጨበጭባል? ማንም። እናንተም ብትሆኑ አታጨበጭቡም። እኔ ግን አጨብጭቤያለሁ፤ እንዲያውም ጮኼያለሁ። ለሚያውቁኝ ሰዎች ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አለች» የምትልልኝ ጓደኛዬ ናት።

የምንኖረው ካርቱም፣ ካላክላ ነው። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ባባ የምለው አባቴ ደግሞ የዚሁ የሱዳን ሰው፣ የድሮ ባለታክሲ። ቢጫዋ ታክሲው ጡረታ ወጥታ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ነበር፤ ዶሮዎች ይተኙባታል። ታዲያ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር በሰው ቪላ የምትሠራው የእናቴ አብሮ አደግ፣ አክስቴ የምላት ዘይነባ፣ ልታገባ ነው ሲባል ባባ በሰው ፊት «ሙሽራዋ የምትሄደው በእኔ ታክሲ ነው፣ ወላሂ!» ብሎ ማለ። ዕድሜዋን የሌላ ሰው የሠርግ ልብስ ስትተኩስ የኖረችው ዘይነባ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «ከቢጫዋ ሌላ አልሳፈርም» አለች። ከዚያ ወዲያ ባባ እንቅልፍ የለውም።

ሞተሩ ተነሳ። ቀለሟ ታደሰ። ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለበሱ። ፍሬኗ ግን እንቢ አለ። ፔዳሉን ስትረግጡት የቀለጠ ቅቤ የረገጣችሁ ይመስል ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ አየር ገብቷል።

ይህን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል። ሌላው ጎማው ሥር ተኝቶ አንዲት ትንሽ ቡሎን ፈታ ያደርጋል፤ ዘይቱ አየሩን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ቡሎኗን መልሶ ያጠብቃል፤ እግር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ቡሎኗ ሳትጠብቅ እግር ከተነሳ የወጣው አየር ሁሉ ተመልሶ ይገባል፤ ከነዘመዶቹ። እንግዲህ ረጋጯ እኔ ነበርኩ።

«ያዝሽ?» ይላል ባባ ከታች።

«ያዝኩ» እላለሁ።

ይፈታል፣ ያጠብቃል፣ «ያላ፣ ልቀቂ!» ይላል። እንዲህ ስንል ውለን ፔዳሉ ያው ቅቤ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ባባ ግን ጠረጠረ። ጎማዎቹ ጋ ያሉትን ላስቲኮች ጠርጥሮ ቀየረ። ቱቦዎቹን ጠርጥሮ ቀየረ። ዘይቱን ጠረጠረ፣ ዘይቱን የሸጠለትን ሰውዬ ጠረጠረ፣ በመጨረሻም ዓይኑ ክፉ ነው የሚባለውን ጎረቤታችንን ጠረጠረ። እኔን ብቻ ሳይጠረጥር ቀረ። እኔም ራሴን አልጠረጠርኩም።

የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። «ነጭ መኪና እንከራይላት» የሚሉ ሰዎች በዙ። ከሰዓት በኋላ ባባ የኋላ ጎማ ሥር ተኝቶ፣ እኔም ፔዳሉን ረግጬ ሳለሁ፣ ሀጂ ይመር ገቡ። ከአል-ሳሃፋ ሰፈር የመጡ፣ ዘይነባን እንደ አባት ሆነው የሚድሯት ትልቅ ሰው ናቸው። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ ብድግ ብዬ፣ ከመኪናው ወርጄ፣ አንገቴን ደፍቼ «ኖር» አልኩ።

ከታች ባባ ጮኸ። መውጣት የነበረበት ዘይት ፍስስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲመለስ በዓይኑ አየ።

«ያ ቢት! አንቺ ልጅ! ማን ተነሺ አለሽ?»

«ሀጂ መጡ።»

«ቅድም ጎረቤቱ ሽማግሌ ሲመጣስ?»

«ተነሳሁ።»

«ውኃ ሻጩስ?»

«እሱም ሽበት አለው።»

ባባ አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ ግንባሩን ያዘ። ካላክላን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መኪና የሚሠራበት ግቢ በሩ አይዘጋም፤ አላፊ አግዳሚው ሳይመክር አያልፍም። እኔ ደግሞ ለሁሉም ተነስቻለሁ። የእናቴ አስተዳደግ አየር ሆኖ የባባ ፍሬን ውስጥ ገብቷል።

«ከእንግዲህ ማንም ቢመጣ እንዳትነሺ!»

እናቴ ከጓዳ ሰማችው። «ሀጂ ቆመው እሷ ትቀመጥ? አሳዳጊ የበደላት እንዲሏት ነው?»

«ሙሽራዋ ከግድግዳ ጋር ስትላተምስ ምን ይሉናል?»

«ነጩን መኪና ተከራያ!»

የባባ ፊት ጠቆረ። ቢጫዋን አያት፤ ዶሮዎቹን አያቸው። ያኔ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። «ሀጂ ቢቀመጡስ?» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደገምኩት፤ በዚህኛው ድምፄ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። «ሀጂ ይቀመጡና ይርገጡ! እርስዎ ለማንም አይነሱም!»

እናቴ አፏን ያዘች። ሀጂ ይመር መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዘራቸውን ለእናቴ አቀበሉና «ቢስሚላህ» ብለው መሪው ፊት ተሰየሙ።

ባባ ከፊት ዘይት ይጨምራል፤ እኔ የቡሎን መፍቻ ይዤ ጎማው ሥር ተጋድሜያለሁ።

«ይርገጡ፣ ሀጂ!»

«ረገጥኩ!»

«ይያዙ!»

«ያዝኩ!»

«አሁን ይልቀቁ!»

ከጎማ ወደ ጎማ እየተንፏቀቅኩ እጮኻለሁ፤ ሀጂም እንደ ምልምል ወታደር ይመልሳሉ። ጎረቤት ገባ፣ ውኃ ሻጩ ገባ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሀጂ እጃቸውን አነሱ እንጂ እግራቸው ንቅንቅ አላለም። ትልቅ ሰውን ላለማስቀየም ስል ትልቅ ሰው ሳዝዝ አመሸሁ።

«ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ!» አሉ በመጨረሻ።

ባባ ታክሲዋን መንገድ ላይ አውጥቶ ሸመጠጠና ረገጠ። አቧራው ተነሳ፤ ታክሲዋ ተተከለች። ያጨበጨብኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ሀጂ የፊቱን ወንበር ያዙ፤ ማን ያስነሳቸዋል? ዘይነባ ከኋላ፣ በእናቴና በእኔ መካከል፣ ከፊት ከኋላ ጡሩምባና እልልታ። ድንገት እናንተ ባጃጅ የምትሏት አንዲት ረክሻ ዘው ብላ ፊታችን ገባች። ባባ ረገጠ። ታክሲዋ ቀጥ! ሙሽራዋ ከነቬሏ ወደ ፊት ተወርውራ በሳቅ ፈነዳች። ሀጂን ባያቸው ቀኝ እግራቸው ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ ተተክሏል፤ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል።

ሙሽራው ቤት ስንደርስ ለተቀበላቸው ሁሉ «ፍሬኑን የያዝኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ባባ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው አይታረምም።