ተቀመጡ ያልኩ ዕለት

ፊልም ላይ ያለ ትምህርት ቤት ትምህርት እንደሌለው አስተውላችኋል? ደወል አለ፣ ረጅም ኮሪደር አለ፣ ኮሪደሩ ላይ ተደግፎ የሚያለቅስ ልጅ አለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጽፎ ዞር ሳይል ደወሉ ይደወልና ሁሉም ብር ብሎ ይወጣል። ደብተር አቅፈው ይዞራሉ እንጂ ሲጽፉበት አላየሁም። ታዲያ ምን ይማራሉ? ምሳ ሰዓት ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ። ትምህርቱም ፈተናውም እሱ ነው። ከታዋቂዎቹ ጠረጴዛ የተቀመጠ አለፈ፣ ጥግ ላይ ብቻውን የበላ ወደቀ።

አንተ የላሊበላ ባጃጅ ሹፌር፣ ይህን ከየት አመጣኸው እንዳትሉኝ። እዚህ መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚሞላው የት ይመስላችኋል? የእኔ ባጃጅ ላይ ነው። ስልኩ በስም የባለቤቴ የአበቡ ነው፤ በተግባር ግን የልጃችን የቃልኪዳን ነው። ቃልኪዳን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ስልኩ ባጃጁ ላይ ተሰክቶ ይውላል፣ እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ እውላለሁ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? እኔ ቆብ ስለሌለኝ ስልኩን ከፈትኩ።

ፊልሙ የፈረንጅ ነው። በላዩ ላይ ግን አንድ ሰውዬ በአማርኛ ይናገርበታል። ልጅቷ ስታለቅስ እሱ ነው፣ ልጁ ሲምል እሱ ነው፣ እናትየዋ ስትቆጣም እሱው ነው። ድምፁ ደግሞ እንደ በሬ ወፍራም። «እወድሻለሁ» ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ «እኔም እወድሃለሁ» ብሎ ለራሱ ይመልሳል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ላይ ለመድኩት። ከዚያ በኋላ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውዬውን ረስቼ ለልጅቷ አዝን ጀመር።

ልጅቷ መነጽር ታደርጋለች፣ መጽሐፍ ታነባለች፣ የሚያያት የለም። ትምህርት ቤቱን የሚገዛው አንድ ኳስ ተጫዋች ነው። ይህ ልጅ የድሮ ፍቅረኛውን ሊያናድድ ሲል ባለ መነጽሯን እንደወደደ ያስመስላል። እሷም የእውነት መስሏት አንድ ቀን መነጽሯን ታወልቃለች። በቃ! መነጽር ስታወልቅ ፀጉሯ ተለቀቀ፣ ልብሷ ተቀየረ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አፉን ከፈተ። ምስኪን ልጅ! ከዚያ በር ኋላ ቆማ ልጁ ለጓደኞቹ እውነቱን ሲያወራ ትሰማለች። ልክ እዚያ ላይ አንዲት እናት ከነዶሮዋ ባጃጄ ውስጥ ገብታ ገበያ አድርሰኝ አለችኝ። ማታ ስልኩ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ልጅቷ በሩ ኋላ እንደቆመች ቀረች።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ዝናብ ሲዘገይ ሰብሉን እያልኩ እሰጋለሁ፤ እርሻ የለኝም። ሲዘንብ ጎማው ያንሸራትታል ብዬ እሰጋለሁ። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ደግሞ ምን ሊመጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ። እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ ሰው የሴት ልጅ አባትነት ይሰጠዋል? ያውም መነጽር የምታደርግ ሴት ልጅ!

አዎ፣ ቃልኪዳን መነጽር ታደርጋለች። የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሲመረምሩ ሩቅ አታይም ተብላ የታዘዘላት ነው። መጽሐፍም ታነባለች። ታዲያ ምን ቀረ? ኳስ ተጫዋቹ ብቻ።

ልክ ነው፣ እኛ ዘንድ ታዋቂነት ሌላ ነው። ላስታ ውስጥ ኳስ ስለመታ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ድምፁ ያማረ ዲያቆን ማሕሌት ላይ መቋሚያ ይዞ ሲቆም ግን የእናቶች ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። የማን ልጅ ነው? ከማን ወገን ነው? ከበሮ ካነሳማ አለቀ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ሦስት እናት በልቧ ድራዋለች። እኔ የማውቀው ታዋቂነት ይህ ነበር። ግን ይህ የእናቶች ምርጫ ነው። የልጆቹ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ? ይኸው በፊልሙ ታየ የለ!

እናም መከታተል ጀመርኩ። ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ባጃጄን ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አቆማለሁ። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ሞላ ምን ትጠብቃለህ ሲሉኝ ደንበኛ እላለሁ። ከዚያ ሰባ ሰው «ባጃጅ! ባጃጅ!» እያለ ሲጠራኝ አልሰማም። አንድ ቀን «ደንበኛህ ማነው፣ ንጉሡ ናቸው?» አሉኝ። ቃልኪዳን ስትወጣ ግቢ ላድርስሽ እላታለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ ትለኛለች። ትሂድ ታዲያ! እኔም ከኋላዋ በአንደኛ ማርሽ እከተላለሁ። የኛን አገር ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። በሰው እርምጃ ዳገት የሚወጣ ባጃጅ እንደሚያርዱት ፍየል ነው የሚጮኸው። ጓደኞቿ ዞር ብለው አይተው፣ ተያይተው፣ አንድ በአንድ በየቅያሱ ይጠፋሉ። ጎሽ፣ አልኩ በልቤ። ክፉ ጓደኛ በራሱ ጊዜ ይበተናል።

አንድ ሰኞ ቃልኪዳን ከበሩ ስትወጣ አየኋት፤ መነጽሯ የለም።

መነጽር ከወለቀ በኋላ ምን እንደሚመጣ አንዴ አይቻለሁ! ማታ ስጠይቃት ቦርሳዬ ውስጥ ነው አለችኝ። በማግሥቱም አላደረገችም። በሦስተኛው ቀን የባሰው መጣ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ቀጠን ያለ ረጅም ልጅ ክንዷን ይዟታል። ክንዷን! በጠራራ ፀሐይ! ክላክሱን ተጫንኩት፤ እጄን ማንሳት አቃተኝ። አህዮች ደነበሩ። አንድ መነኩሴ አማተቡ። ልጁ ግን ክንዷን አልለቀቀም፣ ይልቁንም ጠበቅ አደረገው። አቤት ድፍረት!

ለአበቡ ፊልሙን ከነልጁ ነገርኳት። ፊልሙን በሦስት ቃል ካስጨረሰችኝ በኋላ፣ የወለድካትን ልጅ ታምናለህ ወይስ ያንን ወፍራም ድምፅ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም አልኩ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ቃልኪዳንም እራት ላይ እየጎረሰች ዝም፣ እየጠጣች ዝም። አባዬ የምትለው ቀረ። እኔ ደግሞ ዝምታዋን አየሁና ይኸው ልቧ ሸፈተ አልኩ። ሰው ከፈራ የማያስፈራው ነገር አለ?

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ቤት እንደገባሁ ሦስት ሰዎች ከግቢው ገቡ። ፊት ፊት የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት፣ ቀጥሎ ጎረቤቴ አያ ደስታው፣ ከኋላ ደግሞ ጋሽ ሞላ፣ ያ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ። ነጭ ጋቢ አጣፍተዋል። አባቴ ይፍቱኝ ብዬ መስቀል ተሳለምኩና ወንበር አቅርቤ ኑ ተቀመጡ አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ አባ። «ጉዳይ አለን።»

እናንተ የአገሬ ሰዎች፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ? ሦስት ሽማግሌ፣ እሑድ ጠዋት፣ ነጭ ጋቢ፣ አንቀመጥም! ሽማግሌ የመጣበትን ካላገኘ አይቀመጥም። ሴት ልጅ ያለው ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ልጁን ሊጠይቁት እንደመጡ ያውቃል። ያ ቀጭን ልጅ ክንዷን መያዙ አንሶ ሽማግሌ ላከ! ሳልጠየቅ ጮህኩ። ልጄ ገና ናት! አሥራ አንደኛ ክፍል ናት! ዲያቆን ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ ከበሮ በሁለት እጁ ቢመታ አልሰጥም!

«ኧረ ማን ጠየቀህ!» አሉ አያ ደስታው። «ልጅህን ልንጠይቅ አይዶለም የመጣነው። የላከችን ቃልኪዳን ናት።»

ወደ ማን ብዬ ጠየቅሁ። ወዳንተ ነዋ አሉኝ።

ልጄ ሽማግሌ ላከችብኝ። በእኔ በአባቷ ላይ! ጉዳዩን አባ አስረዱኝ። ልጅቱ የምትለው፣ አባቴ ከትምህርት ቤቱ በር ይነሳልኝ ነው። ልጆቹ ባለ አጃቢዋ ይሉኛል፣ አብሮኝ የሚሄድ ጠፋ፣ ዛሬም ከተከተለኝ ነገ ትምህርቱን ትቼ ኩልመስክ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብላለች።

እኔ እኮ የተከተልኳት ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ነው! ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩኛል። እኔም ምክንያቴን ላስረዳ ተነሳሁ። ከስልኩ ጀመርኩ፣ ወደ ወፍራሙ ድምፅ አለፍኩ፣ ባለ መነጽሯን አመጣሁ። ኳስ ተጫዋቹ ጋ ስደርስ አያ ደስታው «ወይ ክፉ!» አሉ። ልጅቷ መነጽሯን አውልቃ ደረጃ ስትወርድ አባ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ ሞላ እግራቸውን ይለዋውጣሉ። አዛውንት ናቸው፣ ከሌሊት ጀምረው ሲያስቀድሱ የቆሙ ናቸው። አሳዘኑኝ። እባካችሁ ተቀመጡና ልጨርስላችሁ አልኩ። ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ። ይኸው አሸነፍኩ አልኩ፤ ያለ ጉዳያቸው ተቀመጡ! በግለት ቀጠልኩ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት አልኳቸው። ከእኛ ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል የረገጠች እሷ ብቻ ናት። አንድ ዘመናይ መጥቶ በሐሰት ልቧን ቢሰብረውና ደብተሯን ብትጥል ምን ይውጠኛል? ሌሊት የማስበው እሱን ነው፣ ሌላ ሀሳብ የለኝም። አባ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ፊልሙንም እዚያው በሩ ኋላ አድርሼ አቆምኩ።

ከዚያ አባ ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ተቀምጠናል» አሉ።

አዎ አልኩ።

«ተቀመጡ ያልከንም አንተ ነህ።»

አዎን ስል ገባኝ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት የመጣበት ተፈቀደለት ማለት ነው። ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቀውን ደንብ እኔ በፊልም ሰክሬ ረሳሁት! ተቀመጡ ያልኩት ለፊልሙ ነው፣ ለልጄ ጉዳይ አይደለም ልል ስል አበቡ የተጣራ ጠላ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ጠላው ከመቼ ተጣራ? እሷም ከሴራው ነበረችበት።

ደንቡ ተነበበልኝ። ከትምህርት ቤቱ በር አልቆምም። ስልኩ ባጃጄ ላይ ይሞላል እንጂ አልከፍተውም። ቆይ፣ መነጽሯስ፣ ክንዷን የያዘውስ አልኩ። ያን ጊዜ ጋሽ ሞላ ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ሩቅ አታይም አይደል? መነጽሩን የምታወልቀው አንተን ላለማየት ነው። ልጁም የሚይዛት ያለ መነጽር ድንጋዩ እየመታት ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ወድቃ ጉልበቷ ደምቷል።»

አፈርኩ። ከማፈርም በላይ አዘንኩ። መነጽሯን ያስወለቅሁ እኔ፣ ክንዷን ያስያዝኩ እኔ፣ ያንን ፊልም እዚህ ላሊበላ ዳገት ላይ የሠራሁት እኔው ነኝ። ልጁን ደግሞ ክላክስ አስጮህኩበት፤ እሱ ምስኪን ባጃጅ ሊገጫት ነው ብሎ ነው ያጠበቀው። ሽማግሌዎቹን ልሸኝ ስነሳ ከጓዳው በር ኋላ የሆነ ሰው አፍንጫውን ሳበ። ቃልኪዳን ናት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያ ቆማ ስትሰማ ነበር። ወጥታ እጄን አስታጠበችኝ። መነጽሯን አድርጋለች። ፎጣውን ስታቀብለኝ አባዬ አለችኝ።

አሁን ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት መሪውን ጨብጬ እቀመጣለሁ እንጂ ከቦታዬ አልንቀሳቀስም። ባለፈው ደንበኛ ጭኜ በዚያ ሳልፍ እንዳታየኝ ፊቴን በሸራው ሸፈንኩ። ባጃጄን ግን በምን ልሸፍን? ከአራት ጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ነበር፤ አየችኝና እጇን አወዛወዘች።

ሌላ ጭንቀት ግን መጣ። አባ ወልደ ሰንበት ባገኙኝ ቁጥር መስቀሉን ሳያሳልሙኝ ልጅቷ ከበሩ ኋላ ወጣች ወይ ይሉኛል። አያ ደስታውም ያንን ኳስ ተጫዋች ማን መከረው እያሉ መኝታ አጡ። እኔ ከየት አውቄ? ስልኩ በሽማግሌዎቹ ደንብ ታስሯል። ጨንቆኝ ቃልኪዳንን መጨረሻው ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

ልኬአለሁ። እሑድ እነዚያው ሦስቱ ይመጡላታል፣ አንቀመጥም ይሏታል። እኔን የሚያሰጋኝ እሷ እንደ አባቷ አለመሆኗ ነው፤ ተቀመጡ አትላቸውም።