ስሜን እንዳትጽፍ

አገር ከአገር የሚለየው በባንዲራው ይመስላችኋል? እኔን ብትጠይቁኝ በአደጋ ሕጉ ነው። እኛ ዘንድ አደጋው ቀድሞ ይመጣና ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው መመሪያ ያወጣል፤ መመሪያው ወረዳ እስኪደርስ የተራበው ሰው አይጠብቅም። ካናዳ ደግሞ እሳቱ ሳይነሳ ሕጉ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ሊፍት አጠገብ ተለጥፎ ይጠብቃል። እሳቱ ቢቀር የሚቀየሙ ይመስላሉ! በወሬ አይደለም የምላችሁ፤ አገር ቤት የአንድ እርዳታ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

እዚህ ካናዳ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ የምንኖርበትን ሕንፃ የሚያስተዳድረው ሱፐር አንድ ቀን ፎርም ሰጠኝ። ደረጃ መውረድ የማይችሉ ሰዎች ስም ይጻፍበታል፤ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀድመው የሚደርሱት ለእነሱ ነው። ሐበሾቹ የእኔ ድርሻ ሆኑ። መጀመሪያ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ።

«ስሜን እንዳትጽፍ» አሉኝ፣ ገና ወረቀቱን ሲያዩ።

«እማማ፣ እርስዎን ለማዳን እኮ ነው!»

«ያኔ በድርቁ ጊዜም እንደዚሁ ነው ያሉን። ስንዴ ልንሰጥ ነው፣ ተመዝገቡ አሉ። ባሌ ተመዘገበ። በማግስቱ አውቶቡስ መጥቶ ለሰፈራ ጭኖት ሄደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ።»

እንዲህ ያለውን ዝርዝር ስንት ጊዜ በእጄ ፋይል አድርጌአለሁ። አፈርኩ። ሳልጽፋቸው ወጣሁ።

የካቲት ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማድረቂያ ማሽን ተቃጠለ። አላርሙ ጮኸ፣ ሊፍቱ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ በረዶው ላይ ወጣ። እማማ ዘውዴ የሉም። የእሳት አደጋው አለቃ ዝርዝሩን አይቶ የቀረ ሰው የለም አለ። እስክሪብቶውን ከእጁ ነጥቄ ስማቸውን ጻፍኩ። እግዜር ይስጠው፣ እስካሁን የት ነበርክ ብሎ አልጠየቀኝም። ሮጠው ወጡና በወንበር ተሸክመው አወረዱልኝ።

የከተማው አስተዳደር እንዳይበርደን ብሎ አውቶቡስ ልኮልናል፤ ሞተሩ በርቷል፣ ውስጡ ይሞቃል። እማማ አዩትና ወንበሩን ሙጭጭ ብለው ያዙ። አልሳፈርም! አሉ። እንግዲያው እኔ ልግባና የትም እንደማይሄድ ይዩት ብዬ ገባሁ። ሙቀቱ እንዳይወጣ ሾፌሩ በሩን ዘጋ። በመስኮት ሳይ፣ እማማ እጃቸውን እያርገበገቡ ይጮኻሉ።

«ውረድ! ውረድ ልጄ!»

ወረድኩ። ኮቴን ጨምድደው ይዘው አለቀሱ።

«ለባሌ እንዲህ አላልኩትም» አሉኝ። «እኔንም እንዳይጭኑኝ ፈርቼ፣ ጎተራ ኋላ ተደብቄ ዝም አልኩ።»