ሾላው ላይ ያረፈችው አውሮፕላን

(ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሁሉ አበባ ለብሷል። የወልደገብርኤል ጓሮ ነው። ወልደገብርኤል ወሬው ከጢሙ የሚረዝም ሽማግሌ ነው። ጎረቤቱ ዋቅወያ ቀፎ ጠራቢ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። መሃላቸው በርጩማ ላይ ከግንድ የተፈለፈለች፣ ክንፏ ገና ያልተገጠመ ትንሽ አውሮፕላን ተቀምጣለች።)

ወልደገብርኤል፦ አፍንጫው ወደ ላይ ነው አልኩህ!

ዋቅወያ፦ መሬት ላይ ሲቆም ነው እንጂ ኦቦ ወልዴ። ሲበርማ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ከበቆሎዬ መሃል ሆኜ ሁልጊዜ አየው የለም እንዴ?

ወልደገብርኤል፦ ከበቆሎ መሃል ያየና ሆዱ ውስጥ የተጫነ እኩል ሊሆን ነው? እኔ እኮ የጦሩ ጫኝ አውሮፕላን ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ! አግዳሚው ግራና ቀኝ ነው፣ እንደ ሰርግ ዳስ። ጉልበት ለጉልበት ተፋጠህ ትቀመጣለህ። አንዱ ቢያስነጥሰው ፊት ለፊቱ ያለው ነው የሚጠረገው።

ዋቅወያ፦ ሆዱ ውስጥ ከነበሩ አፍንጫውን በየት አዩት?

ወልደገብርኤል፦ የራስህ አፍንጫ መኖሩን ለማወቅ ከፊትህ ላይ ወርደህ ታያለህ?

ዋቅወያ፦ አልወርድም።

ወልደገብርኤል፦ እንግዲያው ዝም በልና ምስማሩን አግልልኝ። ጎኗ ላይ ነጠብጣብ እጥልበታለሁ። የእውነተኛው ቆርቆሮ በምስማር የተሰፋ ነው፣ ዙሪያውን ራስ ራሱ ይታያል። ይሄን ተፎካካሪዬ ጉሉማ አያውቅም። ፊደል ቆጥሯል፤ ፊደል ግን አውሮፕላን አይሰፋም!

ዋቅወያ፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለዘበኛ ካፖርቱ ነው?

ወልደገብርኤል፦ ለካፖርት ብቻ! የአውሮፕላን ሜዳ ዘበኛ መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ከሰማይ የወረደ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው አንተን ነው! የሜዳው ሹም ምን አሉኝ መሰለህ? «ሜዳዬን የሚጠብቅልኝ አውሮፕላን የሚያውቅ ሰው ነው። ጉሉማ ተምሯል፤ አንተስ ምን አለህ?» አሉኝ። «እኔማ ራሱን ሠርቼ አሳይዎታለሁ!» አልኳቸው። ሳቁና «ሠርተህ ሜዳው በር ላይ ካለው ሾላ ስቀላት፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ አያታለሁ» ብለው ሄዱ። ይሄን ደግሞ ሐረግወይን ሰምታለች። ሚስት ሰማች ማለት ገበያ ሰማ ማለት ነው። ካፖርቱን ሳልለብስ ብገባ፣ «የእኔ ባል የሚበረው ጠጅ ቤት ነው» እያለች ታሰድበኛለች። እንዲያውም አንድ ጊዜ ቢላ ከተማ ወርጄ በቅሎ ስገዛ፣ ሻጩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው...

ዋቅወያ፦ ኦቦ ወልዴ፣ ቀኙ ክንፍ አጠረ።

ወልደገብርኤል፦ ወግድ! በቅሎዋ እኮ አንድ ዓይና ነበረች፣ ሰውዬው ግን...

ዋቅወያ፦ ማሎ፣ እባክዎ ይዩት። ግራው በብዙ ይበልጠዋል።

ወልደገብርኤል፦ (ነጥቆ ያስተያያቸዋል) እንዴት ተደርጎ! አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ አብረን አልለካንም? ግራውን እኔ በክንዴ፣ ቀኙን አንተ በክንድህ። አንዱን ክንድ ወደ አንድ ጣት ቀነስነው። ሂሳቡ ልክ ነው!

ዋቅወያ፦ እስቲ ክንድዎን ያምጡ። (ክንዱን ከክንዱ ጎን ያስጠጋል) የእኔ መዳፍ እኮ ያልፍዎታል። ረጅም ክንድ ሲለካ ቁጥሩ ያንሳል።

ወልደገብርኤል፦ ይሄ ግንዲላ ክንድህ! ድሮም አንተን ይዞ መለካት! ... ግን ቆይ። ልክ ነው።

ዋቅወያ፦ ምኑ?

ወልደገብርኤል፦ ማጠሩ! አውሮፕላን ሲዞር የሚዞርበት ወገን ያጥራል። በሬ ጠምደህ አታውቅም? ጥጉ ላይ ስትደርስ ውስጠኛው በሬ እርምጃውን አያሳጥርም?

ዋቅወያ፦ ያሳጥራል። አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚዞረው?

ወልደገብርኤል፦ ከአዲስ አበባ ሲመጣ አኖ ከተማን ካለፈ በኋላ ወደ ቀኝ ነው።

ዋቅወያ፦ ሲመለስስ?

ወልደገብርኤል፦ ሲመለስ... ሲመለስ ጭነት የለበትም! ምን አገባህ!

ዋቅወያ፦ ቶሌ፣ እሺ። እንግዲህ ስትሰቀል እንዳታጋድል አጭሩ ክንፍ ላይ ሰም ልለጥፍበት። ወገቧንም በሰም ብይዘው ይሻላል። ሙጫ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል።

ወልደገብርኤል፦ ሰም? (ጢሙን እያሻሸ) የጦር ኃይሉም በሰም ነው የሚሠራው። እኔም ልልህ ነበር።

ዋቅወያ፦ ቀለሙን ግን ይተዉት፣ ይሸታል። ቅጠል ጨምቀን ብንቀባትስ?

ወልደገብርኤል፦ ለማን ነው የሚሸተው?

ዋቅወያ፦ ለ... ለመንገደኛው።

ወልደገብርኤል፦ መንገደኛ ምን ቸገረኝ! ግን ቅጠሉ ጥሩ ነው። ወታደር ቅጠል ነው የሚመስለው፣ ጠላት እንዳያየው። እኔም ልልህ ነበር። አሁን ወታደሮቹን እንጫን። (ከኪሱ ባቄላ ያወጣል) ይሄ የአሥር አለቃ ነው፣ ትንሽ ወፈር ይላል።

ዋቅወያ፦ ብዙ አይጫኑ ኦቦ ወልዴ። ሆዷ ይጣበባል።

ወልደገብርኤል፦ ለምኑ ይጣበባል?

ዋቅወያ፦ ለአየሩ።

ወልደገብርኤል፦ እውነትህን ነው፣ ያለ አየር ወታደር ይታፈናል። ሁለት ሦስቱ ይበቃሉ። በሩስ? በሩ የታለ?

ዋቅወያ፦ ይኸውልዎ። (በጅራቷ በኩል ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሳያል)

ወልደገብርኤል፦ አንተ! ይሄ በር ነው? በዚህ ስንዴ እንኳ አያልፍም!

ዋቅወያ፦ አውሮፕላኑ ሲቀነስ በሩም አይቀነስም?

ወልደገብርኤል፦ ይቀነሳል።

ዋቅወያ፦ ወታደሩስ?

ወልደገብርኤል፦ እሱም... (ባቄላውን አይቶ ወደ ኪሱ እየመለሰ) እነዚህ ሹማምንት ናቸው፣ እነሱ አይቀነሱም። ይቅር፣ ባዶዋን ትሂድ። ጦር ገና ሊጭን ሲል ባዶውን አይደል የሚመጣው?

(ዋቅወያ ፍም ላይ የወይራ ቅጠል ጥሎ የአውሮፕላኗን ሆድ በጭሱ ላይ ይይዛል።)

ወልደገብርኤል፦ ደግሞ ይሄ ምንድነው? የወለደች ሴት መሰለችህ?

ዋቅወያ፦ ያ ዋቅ! ከእኔ እጅ የወጣ ባዶ ግንድ ሳይታጠን ተሰቅሎ አያውቅም። አባቴም እንዲህ ነበር።

ወልደገብርኤል፦ (ሳቅ ብሎ) የገጠር ነገር! እሺ እጠናት፣ ነቀዝ ይከላከላል። ስትሰቅላት ግን ተጠንቀቅ። ሹሙ ያንን ሾላ እንደ ዓይናቸው ነው የሚሳሱለት። አምና አንዱ ገበሬ ምን እንደሆነ እንጃ ልስቀል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «የመንግሥት ዛፍ ነው!» ብለው እስከ ገበያው ድረስ አባረሩት አሉ።

ዋቅወያ፦ (አንገቱን ደፍቶ ጭሱን እያራገበ) ሰምቻለሁ።

ወልደገብርኤል፦ ምን ዓይነት ጅል ነው! ለመሆኑ አፍንጫዋን ወዴት እናዙረው?

ዋቅወያ፦ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ወደ አበባው ይሁን።

ወልደገብርኤል፦ እኔም ልልህ ነበር።

(ሳምንት አለፈ። የአውሮፕላን ሜዳው በር፣ ሾላው ሥር። አውሮፕላኗ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥላለች። ወልደገብርኤል ነጠላውን አስተካክሎ ይንጎራደዳል። ዋቅወያ ራቅ ብሎ ቁጢጥ ብሏል።)

ወልደገብርኤል፦ ሹሙ ማለዳ በአውሮፕላኑ ገብተዋል። ቢሮ ሆነው ከጉሉማ ጋር ይነጋገራሉ። ጉሉማ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአውሮፕላን ሥዕል ይዞ ነው የመጣው። ሥዕል! ሥዕል ይጮኻል? ... ቆይ። ዋቅወያ፣ ይሰማሃል?

ዋቅወያ፦ ምኑ?

ወልደገብርኤል፦ እም... የሚለው! ሞተሩ! (እጁን አጨብጭቦ) አላልኩህም? በልኩ የተሠራ ነገር በልኩ ይጮኻል! ነፋሱ ማራገቢያውን ሲነካው ነው።

ዋቅወያ፦ ነፋስ የለም እኮ ኦቦ ወልዴ።

ወልደገብርኤል፦ ላይ ላዩን ነዋ! አንተ መሬት ለመሬት የምትሄድ ሰው የላይ ነፋስ በየት ታውቃለህ? ሞተሩን ቀርቤ ልስማው።

ዋቅወያ፦ ማሎ፣ አይቅረቡ! ቀስ ይበሉ! ትንፋሽዎን...

ወልደገብርኤል፦ (ጆሮውን አስጠግቶ) ግሩም ነው! የግራው ሞተር ትንሽ... ዋይ! ዋይ ዋይ ዋይ! (ነጠላውን እያራገበ ይሮጣል) ተኮሱብኝ! አፍንጫዬን!

ዋቅወያ፦ አይሩጡ! ሲሮጡ ነው የሚከተሉት! ይቀመጡ!

ወልደገብርኤል፦ (ከሩቅ) ማነው የሚቀመጠው! ... ይኸው ሹሙም ይጠሩኛል! በዚህ አፍንጫ! ሐረግወይን ልትስቅብኝ ነው፣ ካፖርቱም አለቀለት!

(ወጥቶ ይሄዳል። ዋቅወያ ወደ ሾላው ቀና ብሎ ፈገግ ይላል፤ በኦሮምኛ ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል። ጥቂት ቆይቶ ወልደገብርኤል አፍንጫው እንደ ድንች አብጦ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ ይመለሳል።)

ወልደገብርኤል፦ ተነስ! ዘበኛ ሲመጣ ቁጢጥ አይባልም!

ዋቅወያ፦ ሰጡዎት?

ወልደገብርኤል፦ ይሰጡኛል ወይ ነው የምትለው? ለመኑኝ እንጂ! «ወልደገብርኤል» አሉኝ፣ «እስከ ዛሬ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ላም ለማባረር ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበር። ከዚህ ሾላ ጥላ ሥር ከብት ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ስናርፍ ግን አንዲት ጥጃ እንኳ አልነበረችም! ያቺ የሰቀልካት አውሮፕላን ናት አሉ ያባረረቻቸው።» «አዎ ጌታዬ» አልኩ፣ «ለዚሁ ብዬ ነው የሠራኋት።» ጉሉማ ሥዕሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወረቀት ላም ያባርራል?

ዋቅወያ፦ ጎበዝ ነዎት ኦቦ ወልዴ። እንግዲህ ሥራዎ ምንድነው?

ወልደገብርኤል፦ (ደረቱን ነፍቶ) የመጀመሪያው ትእዛዝ እሷን መጠበቅ ነው! «ማንም እንዳይነካት፣ እንዳያወርዳት፣ ከነነፍሷ ትቆይልኝ» ብለውኛል።

ዋቅወያ፦ ቀን ብቻ ነው?

ወልደገብርኤል፦ ቀንም ሌሊትም! ዝናብም ቢሆን! ሌባ ብቅ ቢል በዚህ ዱላ ነው የምለው! ዝንብ አያርፍባትም!

ዋቅወያ፦ ንብስ?

ወልደገብርኤል፦ ንብ ምን... (አፍንጫውን ዳሰስ ያደርጋል፤ ወደ ሾላው ያያል፤ ወደ ዋቅወያ ያያል) ዋቅወያ።

ዋቅወያ፦ አቤት ኦቦ ወልዴ።

ወልደገብርኤል፦ ያ ባዶ ግንድ... ያ ሰም... ያ ጭስ...

ዋቅወያ፦ ኤዬ፣ አዎ።

ወልደገብርኤል፦ በሩ ወደ አበባው!

ዋቅወያ፦ እሱን እርስዎም ሊሉኝ ነበር።

ወልደገብርኤል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ያ አምና ያባረሩት ጅል ገበሬ ማን ነበር?

ዋቅወያ፦ እኔ ነበርኩ። አገር ሁሉ የሚያብበው በዚህ ሾላ ዙሪያ ነው። ቀፎ ልስቀል ብዬ ለመንኳቸው፣ ቀፎ ክልክል ነው አሉኝ። (ቀስ ብሎ እየተነሳ) አውሮፕላን ከአውሮፕላን ሜዳ ማን ይከለክላል?

ወልደገብርኤል፦ አሁን እኔ የመንግሥት ካፖርት ለብሼ... ሌሊት ሙሉ... የአንተን ማር...

ዋቅወያ፦ ሌባ እንዳይነካው ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ደህና ዘበኛ ተገኘ። ኅዳር ላይ ለማር ቆረጣ ስመጣ አንድ ቅል ለሐረግወይን ይወስዳሉ። (ካፖርቱን እያስተካከለለት) አንገትጌውን ግን ቀና ያድርጉት ኦቦ ወልዴ። ወታደሮቹ መውረድ ሲጀምሩ አንገት ይወዳሉ።