ራጅ ያልተነሳ ሳል

በአሶሳ ከተማ፣ ስሟ ባይጠራ በማይከፋት አንዲት ክሊኒክ ውስጥ፣ የሕፃናት ሳል ከእንግዲህ በጆሮ ሳይሆን በዓይን እንዲታይ ተወሰነ። ውሳኔው አዲሱን የራጅ ማሽን ተከትሎ የመጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌትነት በምረቃው ዕለት ሪባኑን ቆርጠው ሲያበቁ፣ «ደረቱን ራጅ ያልተነሳ ሕፃን እንደታከመ አይቆጠርም» ብለው ተናገሩ። ተጨበጨበ። በማግስቱ ንግግራቸው ማኅተም ተመትቶበት በየበሩ ተለጠፈ። ተራ ጉንፋንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብር አገኘ።

ቀነኒ ይህ ክብር የደረሳት ልጇን ሐዊን አዝላ ከባምባሲ የመጣች ቀን ነው። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሐዊ ሦስት ቀን ስታስል ሰንብታለች። ጤና መኮንኑ ዋቅሹማ ልብሷን ገልጦ ትንፋሿን ቆጠረ፤ ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። ልጅቷ የማዳመጫውን ገመድ ይዛ ሳቀችበት።

«እህቴ፣ ቫይረስ ያመጣው ጉንፋን ነው። ሳንባዋ ደህና ነው። ጡት አጥቢያት፣ ፈሳሽ ስጫት። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም አልጠባም ካለች ግን ሳትውዪ ሳታድሪ አምጫት።»

«እና ልሂድ?»

ዋቅሹማ በሩ ላይ ያለውን ማኅተም አየና አቀረቀረ።

«መጀመሪያ ራጅ ትነሳለች።»

«ደህና ናት አላልክም እንዴ?»

«ደህና ናት። ደህና መሆኗ ግን ገና አልጸደቀም።»

«ራጁ ሌላ ነገር ቢልስ?»

«በጉንፋንም ቢሆን ፊልሙ ላይ ትንሽ ጥላ አይጠፋም። ጥላ ከታየ ደግሞ መመሪያው አምስት ቀን መርፌ ይላል።»

ቀነኒ ኮሪደሩ ላይ ተራ ያዘች። እዚያ አንዱ ሕፃን ሲያስል ሌላው ይቀበለዋል። ለክትባት በጤናቸው የመጡት ሳይቀሩ ጉንፋኑን ወስደው ወረፋውን ተቀላቅለዋል። አቶ ጌትነት ይህንን በሪፖርታቸው «የተገልጋይ ቁጥር ማደግ» ሲሉ ገልጸው፣ ሁለተኛ ማሽን ጠይቀዋል።

«የኔው ሦስቴ ተነስቷል» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ማሚቱ በኩራት። «ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያያል።»

«ሳሉስ ተሻለው?»

«ሳሉማ እንዳለ ነው።»

ከራጁ ክፍል እጅና እግሩን የተያዘ ሕፃን ጩኸት ይሰማል። ቀነኒ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ተናደደች፤ ግን በማኅተም ላይ እንዴት ይናደዷል?

በዚህ መሀል አቶ ጌትነት በጋቢ የተጠቀለለች ሕፃን ታቅፈው ወረፋውን አልፈው ዋቅሹማ ክፍል ገቡ። በሩን መዝጋት ረሱ።

«የልጅ ልጄ ናት፤ እያሳላት ነው። እስቲ በደንብ አዳምጥልኝ።»

ዋቅሹማ አዳመጠ፤ ቆጠረ። «ጉንፋን ነው፣ ጋሼ። በመመሪያው መሠረት እንግዲህ ራጅ...»

«አብደሃል? ለዚች ለጋ ልጅ ጨረር? ጆሮህ ምን ሊሠራልህ ነው!»

ንግግሩ በክፍቱ በር ኮሪደሩ ድረስ ደረሰ። ሳል እንኳ አልተሰማም። ቀነኒ ተነስታ ሐዊን አዘለችና ነጠላዋን አጠበቀች።

«የኔም ልጅ ለጋ ናት» አለች፤ ወጣች። ማሚቱ ተከተለቻት። ከዚያ ወረፋው በሙሉ።

አቶ ጌትነት ሲወጡ ባዶውን አግዳሚ ተመለከቱ። በሳምንቱ ስብሰባ ላይም ሪፖርታቸውን በኩራት አነበቡ፦ «አዲሱ ማሽን ባስገኘው ቅልጥፍና የሕፃናት ወረፋ በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ተወግዷል።»

ተጨበጨበ።