ብስክሌት ላይ የሚያለቅስ ሰው

ብስክሌት እየነዳ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አለኝ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋሻው። የጣና ንፋስ ዓይኑን ያደርቅበታል፤ የደረቀው ዓይን ደግሞ ይቆጠቁጥና እንባውን ያዘንበዋል። «ኧረ መነጽር አድርግ!» አልሁት። «ይሄን የመሰለ ዓይን ይሸፈናል?» አለኝ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከሰፈሩ ከዘንዘልማ ወደ ሥራ እያነባ ሲመጣ ጎረቤቶቹ አዩት። መቼም ትልቅ ሰው በአደባባይ በከንቱ አያለቅስም! ማታ ሲመለስ ዕድሩ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሎ ጠበቀው።

«ማን ሞተ?» ብሎ ጮኸ።

«እኛማ አንተን ልንጠይቅህ ነው» አሉት።

በማግስቱ ደንግጦ ንፋስ የማያስገባ ጥቁር መነጽር ገዛ። ዓይኑም ዳነ። ዛሬ ግን አንዲት የሰፈሩ እናት ጥቁር መነጽሩንና ደረቅ ጉንጩን አይተው ብስክሌቱን አስቆሙት።

«ውይ ልጄን!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «እንባህም ደረቀ?»