«ስጡኝ፣ እኔ ላንሳችሁ»

እታለም ሜትሩን ከአንገቷ ታወርዳለች። መጀመሪያ ትከሻ፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ወገብ፤ ደንበኛዋ እንድትተነፍስ ሁለት ጣቷን ከሜትሩ ሥር ታስገባለች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አትናገርም፤ ትጽፈዋለች። ደንበኛዋ አንገቷን አስግጋ ልታይ ስትሞክር ደብተሩን ታጥፈዋለች። «ቁጥሩ ለመቀሱ ነው እናቴ፤ ላንቺ አይደለም።»

በየቤተሰቡና በየመሥሪያ ቤቱ ማንም ያልሾመው ፎቶ አንሺ አለ። በእኛ ስፌት ቤት፣ አጠገቤ ባለው መኪና የምትሰፋው እታለም ናት። ሰው ገና ሲሰለፍ ክብርት ፎቶ አንሺያችን ስልኩን ትነጥቃለች። «ስጡኝ፣ እኔ ላንሳችሁ፤ እናንተ ጭንቅላት ትቆርጣላችሁ።» እውነቱን ለመናገር እሷም ትቆርጣለች፤ ኬኩ ሙሉ ወጥቶ ባለልደቱ በግማሽ የቀረበት ጊዜ አለ።

ሹመቱ ከፎቶ መሸሻ መሆኑን ለማወቅ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። የራሷን ቀሚስ በግምት ትቆርጣለች፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ያስገባል። በመስታወቱ በኩል ስታልፍ መሬት መሬት ታያለች።

ልጇ ልትመረቅ ሁለት ወር ሲቀራት የቤቱን አልበም ገልብጣ፣ «እማዬ፣ እኔ እናት የለኝም እንዴ?» አለቻት። እታለም ያን ቀን ሁለት መርፌ ሰበረች። በሳምንቱ የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ሄደች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ስትመለስ።

«ምንም። ትጠይቃለች፣ ዝም ትላለች። ዝም ማለትም ሙያ ነው ለካ።»

ያም ሆኖ ማክሰኞ ማክሰኞ መሄዱን አልተወችም። በአምስተኛው ሳምንት አማካሪዋ፣ ስለ ሰውነቷ ለራሷ ምን እንደምትል ጠየቀቻት። ነገረቻት፤ እኔ አልደግመውም።

«ይህን ለደንበኛ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በስማም! ተመልሳ ትመጣለች ብለሽ ነው?»

«ታዲያ ለእሷ ምን ትያታለሽ?»

«ቁጥሩ ለመቀሱ...» ብላ ጀመረች። መጨረስ አቃታት፤ እንባዋ ቀደማት።

በማግስቱ ሜትሩን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠች። «ለኪኝ። ቁጥሩን እንዳትነግሪኝ።» ሁለት ጣቴን አስገብቼ ለካኋት፤ ጽፌ ደብተሩን አጠፍኩ። ለምረቃው የሰፋችው ቀሚስ ልክ አንድ ሰው የሚያስገባ ሆነ።

«ተሻለሽ?» ስላት፣ «ገና ነኝ። ከመስታወቱ ጋር ግን ሰላምታ ጀምረናል» አለችኝ።

ምረቃው ነገ ነው። እጇ ስልክ ሲያይ በልማድ እንደሚዘረጋ ራሷም ታውቃለች። ስለዚህ እዚያ ለምትገኙ ሁሉ ይህን ጻፊልኝ ብላኛለች፦ «ነገ ‹ስጡኝ፣ እኔ ላንሳችሁ› ስል ከሰማችሁ፣ እባካችሁ፣ ስልኩን አትስጡኝ።»