መውጣት ያቃተው ኮምፒውተር

የመሥሪያ ቤት ክብር የሚለካው በሚያስተናግደው ሰው ብዛት ሳይሆን በቀላሉ በማይለቀው ሰው ነው። በከተማችን የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዚህ ረገድ አርአያ ነው። በጸሐፊዋ በሲንቄ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ በትጋት ይሠራል። ማምሻውን ሎግ አውት፣ ማለትም ሥራህን ዘግተህ ውጣ፣ ሲባል ግን ድርቅ ይላል። ማውሱ አይነቃነቅ፣ ስክሪኑ አይጠፋ።

ገመዱን ነቅሎ መሄድ ደግሞ በመመሪያ ተከልክሏል። የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ በሙሉ የሚቀመጠው በኃላፊው በኦቦ ጉተማ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነውና፣ የሲንቄ ማሽን በሥርዓት ካልወጣ የቀኑ ሥራ ይበላሻል። ስለዚህ ሲንቄ ትጠብቃለች። የጊንጪ የመጨረሻው ሚኒባስ ግን አይጠብቅም። ጊንጪ ላይ ጡት ያልጣለ ልጅ አላት።

ጉዳዩ በጥልቀት እንዲታይ ግምገማ ተጠራ። ተገምጋሚ በሌለበት መገምገም ደግ አይደለምና፣ ኮምፒውተሩ አዳራሽ ገብቶ ከፊት ተቀመጠ።

«ችግሩ የአመለካከት ነው» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ሥራ ላይ ደህና ነው፤ መውጫው ላይ ለምን ይገግማል? ግለ ሂስ ያውርድ!»

ኮምፒውተሩ ዝም አለ።

«ዝምታውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ባይሳ እጁን አወጣ። «ኦቦ ጉተማ፣ ጠዋት ጠዋት ሞክሬዋለሁ፤ ያለ ችግር ይወጣል። የሚደርቀው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።»

«ከሰዓት በኋላ ይሰንፋል ማለት ነዋ!»

«አይደለም። ሲወጣ ፋይሉን እርስዎ ቢሮ ላለው ኮምፒውተር ያስረክባል፤ ተረከብኩ እስኪባል ይጠብቃል። እርስዎ ደግሞ በዘጠኝ ሰዓት አጥፍተው፣ ቆልፈው...»

«ለመስክ ሥራ!»

«አዎ፣ ለመስክ ሥራ። ማሽኑ እርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

«ልጄም እኔን» አለች ሲንቄ፣ ጠረጴዛውን እያየች።

አንድ ሰው ሳል ያዘው። ኦቦ ጉተማ ግን በመሪነት የበሰሉ ሰው ናቸው።

«አያችሁ?» አሉ ብድግ ብለው። «አለቃው ሳያሰናብተው ንቅንቅ የማይል ሠራተኛ! ከእሱ ተማሩ!»

ተጨበጨበ። ግምገማው ወደ ሽልማት ተለወጠ፤ ኮምፒውተሩም የምስጉን ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ተለጠፈበት።

ባይሳ የኃላፊው ኮምፒውተር ሳይጠፋ ቢያድር ይሻላል አለ። የመንግሥት መብራት ይባክናል ተባለ። ሰነዱ ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ አለ። ምስጢር ከኃላፊው እጅ አይወጣም ተባለ። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ የጸደቀው፣ ኃላፊው ከመውጣታቸው በፊት ማሽኑ ይውጣ የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ደርቆ አያውቅም። ሲንቄም አብራው ስለምትወጣ ልጇን በጊዜ ታጠባለች፤ እግዜር ይመስገን። ጸሐፊ ከወጣች ደብዳቤ የሚጽፍ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ሌላው ሠራተኛ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ሁሉም በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። በዓመቱ ሪፖርት «የመውጣት ችግር መቶ በመቶ ተቀርፏል» ተብሎ ተጽፏል።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለጉዳይ ከጌዶ የሚመላለሱ፣ የኮምፒውተሩን ወሬም የሰሙ አንድ ሽማግሌ በሩ ተቆልፎ ጠበቃቸው።

«ማል ታኤ?» አሉ ዘበኛውን ጀቤሳን። «ምን ሆነ? ያ ኮምፒውተር ዛሬም ደረቀ እንዴ?»

«ኧረ እሱስ ድኗል፣ አባቴ» አለ ጀቤሳ፣ የደጁን አግዳሚ በጋቢው ጫፍ እየጠረገላቸው። «አሁን የመጠበቅ ተራው የእርስዎ ነው። ይቀመጡ።»